የመጣ ሁሉ ይዘፍናል

የካልደር ከተማ ሰው ቲያትር ቤቱን "ቅቤ ቤት" የሚለው ለማሾፍ አይደለም፤ ድሮ የቅቤ ፋብሪካ ስለነበረ ነው። ዛሬም ሙቀት በበረታ ቀን ግድግዳው ወተት ወተት ይሸታል። እንግዳ አፍንጫውን ሲያሻሽ ያየ የአገሩ ሰው ኮራ ብሎ ፈገግ ይላል። በሩ ላይ አንድ ሳንቃ ተሰቅሏል። በቀይ ቀለም "የመጣ ሁሉ ይዘፍናል" የሚል ተጽፎበታል። ፊደሉ ወደ ቀኝ እየተጨናነቀ፣ እያነሰ ይሄዳል፤ የጻፉት ሰው ቦታው እንደማይበቃቸው የገባቸው መሀል ላይ ሲደርሱ ነበር።

የጻፉት ሂልዱር ኦሰን ናቸው። ዛሬ ሰማንያ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ጆሯቸው ከደነቆረም ቆየ። የቅቤ ቤት ታሪክ ግን የሚጀምረው ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከመዘምራን መሀል ቆመው በሙሉ ጉሮሯቸው ሲዘምሩ፣ የመዘምራኑ መሪ ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው "አንቺ ከንፈርሽን ብቻ አንቀሳቅሺ" አላቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አደጉ፣ አገቡ፣ ዶሮ አረቡ፣ ባል ቀበሩ። አርባ አራት ዓመት ሲሞላቸው ፋብሪካው ተዘጋ። ሂልዱር ባለቤቱ ቤት ሄደው በረንዳው ላይ ተቀመጡና ቁልፉን ካልሰጠኸኝ አልነሣም አሉ። ሰውየው እስከ ራት ድረስ ታገሠና ሰጣቸው።

የመጀመሪያው ዓመት ትርኢት ላይ መድረኩን የሞላው ሠላሳ አንድ ሰው፣ ወንበሩን የሞላው ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ሰው ነበር። የመጣ ሁሉ ይዘፍናል ከተባለ ሊያይ የሚቀር ሰው ከየት ይመጣል? ፒያኖው በብርድ ደንዝዞ አልሰማ ሲል ጡብ አሙቀው ሆዱ ውስጥ ከተቱለት ይባላል። ከዚያ ወዲህ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ ቤት ውስጥ ደመወዝ የበላ ሰው የለም። የሚዘፍነውም፣ የሚሰፋውም፣ ትኬት የሚቆርጠውም በፈቃዱ ነው። የሳንቃው ሕግ ግን አንዲት ቃል አልተነካበትም። ድርሰቱ ስምንት መርከበኛ የሚል እንደሆነ ቅቤ ቤት ሃምሳ ሦስት መርከበኛ ታያለህ፤ መርከቧ እንዴት እንደማትሰምጥ አትጠይቅም። መክፈቻው ሁልጊዜ እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ ላም የሚያልበው ገበሬ አይቶ፣ ዘፍኖ፣ ለአለባው መድረስ አለበታ።

ዛሬ የቤቱ አዘጋጅ አርዲስ ፎስ ናት። ቀን ቀን ፖስታ ቤት ትሠራለች። አርዲስ እዚያ በር ላይ መጀመሪያ የቆመችው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆና ነው፤ ስትናገር ትንተባተባለች። ስሟን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ ስትታገል ሂልዱር አዩዋትና "በቃ ተይው፣ ዝፈኚው" አሏት። ዘፈነችው። ስሟ ከአፏ ሳይሰበር የወጣው ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ መንተባተቡ ትቷታል ማለት ይቻላል፤ ስትናደድና ስታፍር ብቻ ብቅ ይላል። ስለዚህ አርዲስ ቅቤ ቤትን ትወዳለች ማለት አይበቃም። ያለ እሱ እኔ ማን ነበርኩ ብላ ትጠይቃለች፤ መልሱን ደግሞ አትወደውም።

አንድ ምኞት ነበራት። በየዓመቱ ከግዛቱ ትንንሽ ከተሞች አንድ ቡድን ተመርጦ በዋና ከተማው ታላቅ አዳራሽ ትርኢቱን ያሳያል። አርዲስ አዘጋጅ ከሆነች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አመለከተች፤ አሥራ ስምንት ጊዜ ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ዘንድሮ ግን መልስ መጣ፦ በመክፈቻው እሑድ የሚያይ ሰው እንልካለን። ደብዳቤውን ራሷ ለይታ ከከረጢት ያወጣችው እሷ ናት። ፖስታ ቤት ውስጥ ብቻዋን ስለነበረች እንደ ልጅ ዘለለች። የምትፈልገው ለራሷ አልነበረም። ሂልዱር ሳይሞቱ ቅቤ ቤትን በታላቁ አዳራሽ እንዲያዩ ነበር የምትፈልገው።

በጥር ወር፣ ማን የቱን እንደሚዘፍን በሚለይበት የድምፅ ፈተና ዕለት፣ ኦሪን ሃልቮርሰንን ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ከሰልፉ መጨረሻ ቆሞ አየችው። ኦሪን አናጢ ነው። የቅቤ ቤትን ወደብ፣ ቤተ መንግሥትና ባቡር ጣቢያ ለሃያ ስድስት ዓመት የሠራ እሱ ነው። ሚስቱ ላቮን ደግሞ የቤቱ ምርጥ ድምፅ ነበረች። መስከረም ላይ ቀበሯት።

"እንጨት ልትለካ ነው የመጣኸው?" አለችው። "ዛሬ እኮ ጊዜ የለኝም ኦሪን።"

"አይደለም።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"ተሰልፌያለሁ።"

"ለምኑ?"

"አንቺ ሴትዮ፣ እዚህ ሰው የሚሰለፈው ለምንድነው? ለቴምብር ነው?"

ፒያኖው ላይ የተቀመጠው ዴሪክ የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ አስተማሪ ነው፤ ወጣት ነው፤ ጆሮው ጥሩ ነው፤ ጥሩ ጆሮ ደግሞ ካልደር ውስጥ ባለቤቱን ያሠቃያል። ከቀላሉ ልጀምርልህ ብሎ የልደት ዘፈን መታለት። ኦሪን ደረቱን ነፍቶ ዘፈነ። ድምፁ ትልቅ ነው፣ ጎተራ ይሞላል። ግን ከዜማው ሥር ሥር፣ አንዴም ሳይገናኘው እስከ መጨረሻው ሄደ።

"ጥሩ ነው?" አለ ኦሪን።

"ጮክ ያለ ነው" አለ ዴሪክ፤ መዋሸት አይሆንለትም።

በኋላ ዴሪክ አርዲስን ወደ ጥግ ወሰዳት። "ሰውየው ዜማ ይስታል አልልዎትም። ዜማ የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም።"

አርዲስ በጣቷ በሩን አሳየችው። ሳንቃው ከውጭ ስለሆነ ከነሱ በኩል ምስማሩ ብቻ ነበር የሚታየው። ዴሪክ ግን ገባው፤ ተነፈሰ። የዘንድሮው ትርኢት የአንድ ወደብ ሰዎች ታሪክ ነበርና ኦሪንን ከስምንቱ ዓሣ አጥማጆች አንዱ አድርገው መደቡት።

ሰውየው ለፋ። የእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ እየላገ ይዘፍናል፣ መኪና ውስጥ ይዘፍናል፣ ከውሻው ጋር ሲሄድ ይዘፍናል። ውሻው መኪና ሥር መግባት ጀመረ አሉ የጎረቤት ሰዎች። ዴሪክ ድምፁን ወደ ላይ ሞከረው፣ ወደ ታች ሞከረው፣ ከኋላ አቆመው፣ ከጀልባው በስተጀርባ አቆመው። ምንም። ችግሩ ደግሞ በሌላው ዘፈን ውስጥ ሠላሳ ሰው ስለሚሸፍነው አያስጨንቅም። አንድ ዘፈን ግን ነበረ። በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ስምንቱ ዓሣ አጥማጆች ብቻቸውን፣ ያለ ምንም መሣሪያ፣ ቀስ ብለው ባሕር የወሰዳቸውን ሰዎች ስም እየጠሩ የሚዘፍኑት። ቅዳሜ በመጨረሻው ልምምድ ያ ዘፈን ገደል ገባ። ሰባቱ ሰዎች ስም በጠሩ ቁጥር ኦሪን ከሥር ሆኖ ሌላ ሰው የሚጠራ ይመስል ነበር።

"አርዲስ፣ እለምንዎታለሁ" አለ ዴሪክ። "ያ ከዋና ከተማው የሚመጣው ሰውዬ ነገ እዚህ ተቀምጦ ይህን ሊሰማ ነው። አንድ ዘፈን ብቻ! ሦስት ደቂቃ ብቻ! ኦሪን ድምፁን ትንሽ ያዝ ያድርገው። እኔ ልለው አልችልም፣ መጤ ነኝ። እርስዎ ጓደኛው ነዎት።"

"እዚህ ቤት እንዲህ አይባልም።"

"አውቃለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መጠበቅዎንም አውቃለሁ።"

አርዲስ ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ አደረች። እሑድ ሰባት ሰዓት ላይ ወደ አናጢው ክፍል ወረደች። ኦሪን የዓሣ አጥማጅ ጫማውን አጥልቆ የወደቡን ደረጃ በመጨረሻ ምስማር እየመታ ነበር። አፉ ውስጥ ሁለት ምስማር ይዟል።

"ኦሪን" አለችው። "ያ የስሞቹ ዘፈን ... እንግዳ አለብን፣ ታውቃለህ። ለሱ ብቻ፣ ለዛሬ ብቻ፣ ከንፈርህን ብታንቀሳቅስ ..."

ኦሪን ምስማሮቹን ከአፉ አወጣ። አየት አደረጋት። ፊቱ ላይ ንዴት የለም፣ ቅሬታም የለም። ያን ብታይ ይሻላት ነበር።

"እሺ" አለ። "እሱን እንኳ አውቅበታለሁ።"

ምስማሮቹን መልሶ አፉ ውስጥ ከተተ። አርዲስ ቀለለኝ ብላ ደረጃውን ወጣች። "አውቅበታለሁ" ያለው ምን ማለቱ እንደሆነ ለመጠየቅ አላሰበችም።

በስምንት ሰዓት ቤቱ ጢም አለ። ሰው የድንች ትሪውን በፎጣ ሸፍኖ እያመጣ ለእረፍት የሚበላውን ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ደረደረ። ሂልዱር እንደ ልማዳቸው ከፊት ረድፍ መተላለፊያው አጠገብ ተቀመጡ፤ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል ተከሉ። ከዋና ከተማው የመጣው ሰው ቀጠን ያለ፣ ትሑት ሰው ነበር። አንድ ሰው አተር ያለበት ድንች አስጨብጦት በግራ እጁ ሳህን፣ በቀኙ ማስታወሻ ይዞ ተቀምጧል።

ትርኢቱ ሄደ። ሃምሳ ሦስት ሰው በሞላበት ወደብ ውስጥ ማንም ማንንም ሳይረግጥ ሄደ። የስሞቹ ዘፈን ደረሰ። ስምንቱ ሰዎች ባርኔጣቸውን አወለቁ። አርዲስ ከአዳራሹ ኋላ ቆማ ትንፋሿን ያዘች። እንዲህ ሲያምር ሰምታው አታውቅም! እንደ አንድ ሰው ነበር የሚተነፍሱት። እንግዳው ሳህኑን መሬት አስቀመጠ። ወደ ፊት ዘንበል አለ። አርዲስ እንባዋ መጣ፤ ደስታ ነው ብላ አሰበች። ከዚያ ዓይኗ ኦሪን ላይ አረፈ። ከግራ ሦስተኛው፣ ረጅሙ። ከንፈሩ ከሁሉም ይልቅ በትክክል ይንቀሳቀስ ነበር። አንድም ስም አላመለጠውም። ያኔ እንባው የደስታ አለመሆኑ ገባት።

በእረፍቱ ሂልዱር በከዘራቸው ጠሯት። ለደንቆሮ በሚበቃ ድምፅ ጮኸው ነው የሚናገሩት።

"ያ ረጅሙ ዓሣ አጥማጅ ምን ሆኗል?"

"ኦሪን ነው እኮ፣ የላቮን ባል" አለች አርዲስ፣ ከንፈሯን እንዲያነቡ ፊት ለፊታቸው ጎንበስ ብላ።

"ማን መሆኑን አልጠየቅኩሽም። እኔ በጆሮ መስማት ከተውኩ አሥር ዓመቴ ነው፤ ዘፈን የማየው በአንገት ነው። የሰባቱ አንገት ይሠራል። የሱ አንገት ሞቷል። ማነው እንዲህ በል ያለው?"

በዙሪያቸው ሰው ድንች ይበላል። አርዲስ ዴሪክን አየችው፤ ዴሪክ ወለሉን ያያል። ምላሷ እንደ ድሮው ተሳሰረ።

"እ ... እ ... እኔ ነኝ።"

ሂልዱር አልተቆጡም።

"ለኔ እንዲያ ያለኝ ሰው፣ መልኩ ጠፍቶኛል" አሉ። "ቀስ ብሎ ነው የተናገረኝ፣ ትንፋሹ ናና ይሸት ነበር። ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ። ደግ ሰው ነበር። ያን ቀን ጳጳሱ ሊጎበኙን መጥተው ነበር፤ እንግዳ ነበረበት።"

አርዲስ እግሯ መራት። ኦሪንን ከጀርባ በር ደረጃ ላይ፣ መጋቢት ያላቀለጠው በረዶ ፊት ለፊት ተቀምጦ የቸኮሌት ኬክ ሲበላ አገኘችው።

"አጠፋሁ" አለችው።

"ምኑን? አምሮ ነበር እኮ። ሰባቱን ሰማኋቸው፣ በጣም አምሯል።"

"ኦሪን፣ 'አውቅበታለሁ' ያልከኝ ምን ማለትህ ነው?"

ኦሪን ፍርፋሪውን ከጉልበቱ አራገፈ። "ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ነው። አስተማሪያችን ሴትዮ እንዲያ አለችኝ፤ ለወላጆች በዓል ነበር። ከዚያ ለመድኩት። አርባ አንድ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ከላቮን ጎን ቆሜ ከንፈሬን ነው ያንቀሳቀስኩት። ማንም አያውቅም ነበር። እሷ ለሁለታችን ትዘምር ነበር።"

"እሷስ አታውቅም ነበር?"

"አብሮ ቆሞ እንዴት አይታወቅ? ታውቃለች። ሆስፒታል ሆና 'እኔ ስሄድ ቅቤ ቤት ሂድ' አለችኝ። 'ማን ይቀበለኛል?' አልኳት። 'ሳንቃውን አላነበብክም እንዴ?' አለችኝ።" ሳቅ አለ። "ሳንቃውን ሁለት ጊዜ መልሼ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። አንዴ ንፋስ ጥሎት፣ አንዴ በሩ ሲታደስ። ለኔ የተጻፈ አይመስለኝም ነበር።"

አርዲስ ከጎኑ በረዷማው ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

"ሁለተኛው ክፍል ላይ ዝፈን" አለችው።

"እንግዳውስ?"

"ቅቤ ቤትን ሊያይ ነው የመጣው፤ ይየዋ።"

"አርዲስ፣ ጉሮሮ ቧንቧ አይደለም። ሲያሻሽ የምትዘጊው፣ ሲያሻሽ የምትከፍቺው አይደለም።" ይህን ያለውም በቁጣ አልነበረም። ተነሥቶ ገባ።

እውነቱን ነበር። ሁለተኛው ክፍል ሙሉ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ አንገቱ ግን አልሠራም። አርዲስ ከኋላ ሆና አንገቱን ብቻ ነበር የምታየው። የወደቡ ሰዎች ተጣሉ፣ ታረቁ፣ ጀልባዋ ተመለሰች። እንግዳው ማስታወሻው ላይ ይጽፋል። ምን እንደሚጽፍ ለማወቅ የነበራት ጉጉት ወዴት እንደጠፋ እንጃ።

የመጨረሻው ዘፈን የሁሉም ነው። ቅቤ ቤት ሲጀመር የመጣ ልማድ ነው፤ ትኬት ቆራጩም፣ መጋረጃ ጎታቹም፣ ልብስ ሰፊዋም መድረክ ላይ ወጥተው ይዘፍናሉ። አዘጋጁ ብቻ ከኋላ ይቀራል፤ አንድ ሰው ማዳመጥ አለበት ተብሎ ነው። አርዲስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልወጣችም። ያን ቀን መተላለፊያውን ይዛ፣ በሂልዱር ጎን አልፋ፣ በፖስታ ቤት ሹራቧ እንደሆነች ወጣችና ከኦሪን ጎን ቆመች። ዴሪክ ፒያኖው ላይ ሆኖ አያት፤ እጁ ግን አላቋረጠም።

ስልሳ ሰው ይዘፍናል። ኦሪን ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። አርዲስ ወደሱ ዞር ብላ እሷም ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች። ድምፅ የለ፣ ምን የለ።

ኦሪን በጎን አያት። እንደገና አያት። "ምን እየሠራሽ ነው?" አለ በሹክሹክታ።

"አንተ የምትሠራውን።"

"አንቺ እኮ ትችያለሽ!"

"አንተ ካልዘፈንክ ዛሬ አልችልም።"

"እብድ ነሽ።"

"ነኝ። ሁለታችንም ዓሣ መስለናል፤ ወደቡ ላይ ያምርብናል።"

ኦሪን ፊቱን ሊያኮሳትር ሞከረ፤ አልቻለም። ሳቅ አመለጠው፤ ከሆዱ የመጣ ሳቅ። ሳቁ የከፈተውን ጉሮሮ ደግሞ መዝጋት አልሆነለትም፤ የሳቁ መጨረሻ ዘፈን ሆኖ ወጣ። ያ ጎተራ የሚሞላው ድምፅ ከዜማው ሥር ተነሣና አዳራሹን ያዘው። ፊት ወንበር ላይ ያሉት ሰዎች ቀና አሉ። አርዲስም ዘፈነች። ኦሪን ፊቱ ቀልቷል፣ ዓይኑ ርሷል፣ የአንገቱ ሥር ተገትሯል። ከፊት ረድፍ ሂልዱር ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ይመቱ ነበር፤ ከምቱ ጋር ግን አይገጥሙም፤ ለነገሩ እሳቸውም ገጥመው አያውቁም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ሌላ ከተማ ተመርጧል። እንግዳው የስሞቹን ዘፈን እንደማይረሳው ጽፎ፣ የመጨረሻው ዘፈን ግን "ወጥነት ይጎድለዋል" ብሏል። አርዲስ ለሂልዱር በትልልቁ ጽፋ አሳየቻቸው። ሂልዱር አንብበው ሲጨርሱ "የእንግዳውስ አንገት እንዴት ነበር?" አሉና መለሱላት። ኦሪን በደብዳቤው ጀርባ ላይ የእንጨት ልክ መዘገበበት።

በሚቀጥለው ጥር፣ በድምፅ ፈተናው ዕለት፣ አርዲስ በሩን ልትከፍት ስትመጣ ሰልፉ ከሳንቃው ሥር ጀምሮ በረዶውን አቋርጦ እስከ ነዳጅ ማደያው ደርሶ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ አለ፤ ሃያ ዓመት ከፊት ረድፍ ተቀምጦ የሚያይ፣ ዘፍኖ የማያውቅ። የጥርስ ሐኪሟ አለች። ከወንዙ ማዶ የመጡ ሦስት ገበሬዎች አሉ፤ ጫማቸው የበረት ጭቃ እንደነካው ነው። አርዲስ ከፀጉር አስተካካዩ ፊት ቆመች።

"አንተ ደግሞ ምን አመጣህ?"

ሰውየው ባርኔጣውን በእጁ አዞረ። "እኔ እንኳ መዝፈን አልችልም" አለ። "ግን አምና ኦሪንን ሰማሁት።"

ከኋላው ያሉት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዴሪክ ፒያኖውን ከፍቶ በመስኮት ሰልፉን ቆጠረ፤ ዘጠና ሲደርስ ተወው።

"አርዲስ፣ የአምናዋ ጀልባ ይሄን ሁሉ ሰው አትይዝም እኮ" አለ።

ኦሪን መድረኩ ላይ ነበር። አፉ ውስጥ ሁለት ምስማር ነበረ፤ ጀልባዋን ሊያሰፋት መለኪያውን ዘርግቶ ተንበርክኳል።